እናቲቱን አሳዩኝ

በ2013 ዌልስ ውስጥ ከሚገኝ አንድ የቡችላ ማራቢያ አንዲት ትንሽ ውሻ ወጣች። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ዝርያዋ ካቫሊየር ኪንግ ቻርልስ ስፓንየል ይባላል፤ ጆሮው የተንዘረፈፈ፣ ዓይኑ ትልልቅ፣ ጸጉሩ ለስላሳ፣ ከሰው እቅፍ መውረድ የማይወድ ዘር ነው። የእሷ ጸጉር ግን እዚህም እዚያም ተመልጧል። አከርካሪዋ ጎብጧል። ለዓመታት ጠባብ ቤት ውስጥ ተዘግቶባት ስለኖረች የዳሌዋ አጥንቶች ተጣብቀው እንደ ልብ መራመድ አትችልም። የሚጥል በሽታም ነበረባት። ስሟ ሉሲ ነው። በዚያ ማራቢያ ውስጥ የሚፈለግባት ነገር ማርገዝ፣ መውለድ፣ ማጥባትና እንደገና ማርገዝ ነበር።

ከእንዲህ ያለ ቦታ ቡችላ የሚገዛ ሰው እናቲቱን አያይም። የሚያየው ታጥቦ የተበጠረውን፣ እጁን የሚልሰውን፣ ልጆቹ ገና ከመኪና ሳይወርዱ ስም ያወጡለትን ቡችላ ነው። እናቲቱ ማንም በማይደርስበት በረት ውስጥ ናት። በውሻ ንግድ ውስጥ የሚፈጸመው ክፉ ነገር ሁሉ የሚቻለው በዚህ ምክንያት ነው ብዬ አምናለሁ። ሸቀጡ ይታያል፤ የሸቀጡ እናት አትታይም።

የምዕራብ ዌልስ ገጠር፣ በተለይ ካርማርተንሽርና ኬሬዲጊዮን፣ የወተትና የበግ አገር ነው። የእርሻ ገቢ አልበቃ ሲላቸው ባዶ የቀረውን በረት በብሎኬትና በቆርቆሮ ከፋፍለው፣ መሬቱ ላይ ሰጋቱራ በትነው ውሻ ያስገቡ ገበሬዎች አሉ። ስሌቱ ቀላል ነው። አንዲት ትንሽ ውሻ በአንድ ወሊድ አምስት ቡችላ ብትሰጥና እያንዳንዱ በ1,000 ፓውንድ ቢሸጥ 5,000 ፓውንድ ነው። በዓመት ሁለቴ ብትወልድ 10,000። ሃያ እናቶች ያሉት ሰው የቀረውን ራሱ ያሰላዋል። ወጪ መቀነስ ሲፈልግ ከቡችላው ላይ ብዙ መቀነስ አይችልም፤ ገዢው ያየዋላ። የሚቀንሰው ከእናቲቱ ነው። ከምግቧ፣ ከምትተኛበት፣ ከሕክምናዋ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ከዕረፍቷ።

ፈቃድ አውጥቶ የሚሠራውስ? በ2014 የወጣው የዌልስ ደንብ ለ20 አዋቂ ውሾች ቢያንስ አንድ የሙሉ ጊዜ ሠራተኛ እንዲኖር ያዛል። ስምንት ሰዓት ለሃያ ሲካፈል ለአንዲት ውሻ 24 ደቂቃ ይደርሳታል። መመገቡ፣ ቤቷን ማጠቡ፣ ወጣ አድርጎ ማናፈሱ፣ ምጥ የያዛትን መጠበቁ፣ የደከመውን ቡችላ ጡት ማስያዙ ሁሉ በዚያች 24 ደቂቃ ውስጥ ነው። ይህ እንግዲህ ሕጉን አክብሮ የሚሠራው ሰው ነው።

የሴት ውሻ አካል ምን እንደሚያልፍበት ማወቅ ያስፈልጋል፤ አለዚያ «ውሻ ተፈጥሮዋ መውለድ ነው» የሚለው ወሬ ያሸንፋል። ሴት ውሻ አብዛኛውን ጊዜ ከስድስት ወር እስከ አንድ ዓመት ባለው ጊዜ ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ ወንድ ትፈልጋለች። በዚያ ዕድሜ ራሷም ገና አጥንቷ አልጠነከረም። ከዚያ በኋላ በአማካይ በየስድስትና በየሰባት ወሩ ይመላለስባታል። እርግዝናዋ 63 ቀን ገደማ ነው። ሲወለዱ ቡችሎቹ አያዩም፣ አይሰሙም፣ ሰውነታቸውን ማሞቅ አይችሉም፤ እናታቸው እየላሰች ካላነቃቃቻቸው ሽንታቸውን እንኳ መሽናት አይሆንላቸውም። የመጀመሪያዎቹን ሳምንታት እናቲቱ ከእነሱ ዘንድ ብዙም አትለይም። ወተቷ ከፍተኛው ላይ በሚደርስበት በሦስተኛውና በአራተኛው ሳምንት ከወትሮው ከሁለት እስከ አራት እጥፍ መብላት አለባት። ያን ካላገኘች ወተቱ አይቆምም፤ ከራሷ ሥጋና አጥንት እየተቀነሰ ይወጣል።

ይህ ሲበዛ የሚመጣውን በዓይኑ ያየ ሰው አይረሳውም። ብዙ ቡችላ የወለደች ትንሽ ውሻ፣ ከወለደች ሁለት ወይም ሦስት ሳምንት ሆኗታል እንበል። ጠዋት ላይ አትረጋጋም፤ ትነሳለች፣ ትቀመጣለች፣ ታለከልካለች። እግሯ ይደርቅና አረማመዷ ይንገዳገዳል። ቡችሎቿን ማጥባት ትተዋለች። ቆይቶ ጡንቻዋ መንቀጥቀጥ ይጀምራል፤ ሙቀቷ ይወጣል፣ በመጨረሻም ወድቃ ትንፈራገጣለች። በደሟ ውስጥ ያለው ካልሲየም ወደ ወተቱ ሄዶ አልቋል። በሰዓታት ውስጥ ሐኪም ዘንድ ከደረሰች ካልሲየም በደም ሥሯ ቀስ ተብሎ ይሰጣታል፤ በፍጥነት ከተሰጠ ልቧን ሊያቆመው ስለሚችል ሐኪሙ የልብ ምቷን እያዳመጠ ነው የሚሰጣት። ብዙ ጊዜ ያኔውኑ መንቀጥቀጡ ይቆምና ቀና ትላለች። ሐኪም ካላገኘች ትሞታለች። ለሃያ ውሻ አንድ ሠራተኛ ባለበት በረት፣ ሌሊት ላይ፣ ማን ያያታል?

ሌላም አለ። የጡት መቁሰልና መግል መያዝ አለ። ማኅፀን መግል የሚቋጥርበት ሕመም አለ፤ ወንድ ከፈለገች ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ይመጣል፤ መግሉ መውጫ ካጣ ቶሎ ይገድላል፤ መዳኛው አብዛኛውን ጊዜ ማኅፀኑን በኦፕራሲዮን ማውጣት ነው። ምጥ መጥቶ ማኅፀኑ ደክሞ መግፋት የሚያቅተው አለ። ጥርሷ የበሰበሰ፣ ጥፍሯ አድጎ ወደ ውስጥ የታጠፈ፣ ጆሮዋ የቆሰለ እናት ውሻ ደግሞ ከማራቢያ የሚወጡትን የሚቀበሉ ሰዎች በየጊዜው የሚያዩት ነገር ነው።

አርቢዎች የሚያቀርቡት አንድ መከራከሪያ አለ፤ መሸሽ አይገባም። ውሻ አረገዘችም አላረገዘችም፣ ወንድ በፈለገች ቁጥር ማኅፀኗ ለሁለት ወር ያህል በእርግዝና ሆርሞን ውስጥ ይቆያል። ስለዚህ እያሳረፉ ዕድሜዋን ከማስረዘም በወጣትነቷ አከታትሎ አስወልዶ ቶሎ ማምከን ይሻላታል የሚሉ የእንስሳት ሐኪሞችም አሉ። አሳቡ ከንቱ አይደለም። ነገር ግን በውስጡ ሦስት ነገሮች አሉበት፤ ሰውነቷ የተመለሰ መሆኑን ሐኪም አይቶ ሲፈቅድ፣ ወሊዱ ሁለት ወይም ሦስት ላይ ሲቆምና በመጨረሻ ስትመክን። የቡችላ ማራቢያው ከዚህ ውስጥ «አከታትሎ» የምትለዋን ብቻ ነው የወሰደው። የሚያቆመው ውሻዋ ስታቆም ነው።

እናቲቱ የማትታየው ቦታው ሩቅ ስለሆነ ብቻ አይደለም። ትልቁን ሥራ የሚሠራው ደላላው ነው። ቡችሎቹ ገና እንደተለዩ በመኪና ተጭነው ወደ ከተማ ይሄዳሉ፤ በፊት ከእንስሳት መሸጫ ሱቅም ይገቡ ነበር፤ አለዚያ አንድ ሰው ሳሎኑ ውስጥ ምንጣፍ አንጥፎ፣ ሻይ አፍልቶ፣ ልጆቹን አስቀምጦ የቤት ልጅ አስመስሎ ይሸጣቸዋል። «እናታቸውስ?» ለሚል መልሱ ተዘጋጅቷል፤ «ሐኪም ቤት ናት»፣ «ለእግር ጉዞ ወጥታለች»። ደፋር ሲሆን ደግሞ ተመሳሳይ ዝርያ ያላት ሌላ ውሻ ተውሶ ያቀርባል። አስተዋይ ሰው ካለ ያውቃታል፤ ጡቷ ወተት የለውም፣ ቡችሎቹ ወደ እሷ አይሮጡም፣ እሷም አታሸታቸውም።

ማርክ አብርሃም የተባለ እንግሊዛዊ የእንስሳት ሐኪም ትግሉን የጀመረው እዚህ ላይ ነው። እንግሊዝ ውስጥ የውሻን ጉዳይ ከያዙት ሁሉ የእሱን ዘመቻ የማደንቀው አንድ ጥያቄ ይዞ ስለተነሳ ነው። ደላላው ከመሐል ይውጣ፤ ቡችላ የሚሸጠው ያራባው ሰው ራሱ ይሁን፤ ገዢው ቡችላውን በተወለደበት ቦታ ከእናቱ ጋር ይየው። በቃ። የሉሲ ፎቶግራፍ የዘመቻው ፊት ሆነ። ወስዳ ያስታመመቻት ሴት የዕለት ተዕለት ሕይወቷን በፌስቡክ ታካፍል ስለነበር በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ያውቋት ነበር። ሉሲ በ2016 መጨረሻ ሞተች። በቀጣዩ ዓመት ዘመቻው በስሟ ተጀመረ፤ ወደ 150,000 የሚጠጋ ሰው ፊርማ አኑሮ ጉዳዩ በግንቦት 2018 በፓርላማ ተነሳ። «የሉሲ ሕግ» በእንግሊዝ ከሚያዝያ 6 ቀን 2020 ጀምሮ ሥራ ላይ ዋለ፤ ስኮትላንድና ዌልስም በ2021 የየራሳቸውን አወጡ። ከስድስት ወር በታች የሆነ ቡችላ ወይም የድመት ግልገል ራሱ ያላራባ ነጋዴ መሸጥ አይችልም።

ከዚያ በፊት በ2018 የወጣው የእንግሊዝ የፈቃድ ደንብም እናቲቱን በቀጥታ ይመለከታል። አንድ ዓመት ያልሞላት ውሻ አትጠቃም። በ12 ወር ውስጥ ከአንድ ጊዜ በላይ አትወልድም። በሕይወቷ ከስድስት ጊዜ በላይ አትወልድም። ሁለት ጊዜ በኦፕራሲዮን የወለደች ከዚያ በኋላ አትጠቃም። ስምንት ሳምንት ያልሞላው ቡችላ አይሸጥም። በእኔ እይታ ስድስት በጣም ብዙ ነው። የአገሪቱ የዝርያ ውሾች መዝጋቢ የሆነው ኬነል ክለብ እንኳ ከአንዲት እናት ከአራት ወሊድ በላይ በወትሮው አይመዘግብም። በዓመት አንዴ የሚለው ግን ትልቅ ነገር ነው፤ በዓመት ወንድ ከምትፈልግባቸው ሁለት ጊዜያት አንዱን ለእናቲቱ መልሶላታል።

የሉሲ ሕግ ሥራ ላይ የዋለበት ጊዜ ክፉ ነበር። የመጀመሪያው የኮቪድ መዘጋት ገና ሁለት ሳምንቱ ነው። ቤቱ የተቀመጠው ሰው ሁሉ ውሻ ፈለገ። አንዳንድ ዝርያዎች ከ2,000 ፓውንድ በላይ ተሸጡ። በበሽታው ምክንያት ሰው ሰው ቤት መግባት ስለማይችል እናቲቱን ማየት ቀርቶ በስልክ ቪዲዮ ብቻ ዓይቶ፣ ቀብድ ልኮ፣ ቡችላውን ከነዳጅ ማደያ ወይም ከአውራ ጎዳና ዳር መረከብ ተለመደ። እንዲያ ባለው ገበያ የዓመት ዕረፍቷን ያገኘች እናት ምን ያህል እንደነበረች ለመገመት አያስቸግርም። ሕጉ መኖሩ በጎ ነው። እናቲቱን ካላየሁ የሚል ገዢ ከሌለ ግን ተቆጣጣሪው በየበረቱ ሊቆም አይችልም።

ከጭካኔ ሳይሆን ከመልክ ምርጫ የሚመጣ በደልም አለ። ቡልዶግን እንውሰድ። ሰው የወደደው ትልቅ፣ ክብና ጠፍጣፋ ፊት ነው፤ የእናቲቱ ዳሌ ግን ጠባብ ነው። በ2010 የታተመ አንድ የብሪታኒያ ጥናት ከቡልዶግ ወሊዶች ከ80 ከመቶ በላይ የሚሆኑት በኦፕራሲዮን እንደነበሩ አሳይቷል፤ የፈረንሳይ ቡልዶግም እንዲሁ። ብዙ ጊዜ ማስረገዙም በሰው እጅ ነው። በተፈጥሮ መጠቃት የማይሆንላትን፣ ሆዷ ካልተቀደደ መውለድ የማትችለውን፣ አፍንጫዋ ጠቦ በማደንዘዣ ውስጥ መተንፈስ ለሐኪሙ ጭንቀት የሆነባትን ውሻ በየዓመቱ እናት እናደርጋታለን። የፈረንሳይ ቡልዶግ በ2022 በአሜሪካ ከሁሉም ውሾች የበለጠ ተወዳጅ ሆነ፤ ላብራዶር ለ31 ዓመታት የያዘውን ቦታ ወሰደው። ኖርዌይ ውስጥ ነገሩ ፍርድ ቤት ደርሷል። የእንስሳት ጥበቃ ማኅበሩ አርቢዎችን ከሶ፣ በጥር 2022 የኦስሎ ፍርድ ቤት ቡልዶግንና ካቫሊየርን ማራባት የእንስሳት ደኅንነት ሕጉን ይጥሳል ብሎ ፈረደ። በይግባኝ የቡልዶጉ ቢነሳም የካቫሊየሩ ጸንቶ በ2023 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱም አጸደቀው። ካቫሊየር የሉሲ ዘር ነው፤ በልብ በሽታ ይጠቃል፣ ብዙዎቹም የራስ ቅላቸው ለአንጎላቸው ጠቦ ይሰቃያሉ። ሉሲ በበረት ሳይሆን በቤተ መንግሥት ብትወለድም ያን ዕጣ ይዛ ነበር የምትወለደው።

ብዙ ኢትዮጵያውያን ወደሚኖሩባት አሜሪካ እንሻገር። የፌዴራሉ ሕግ ለማራቢያ ውሻ የሚሰጠው ዝቅተኛ ስፋት እንዲህ ይለካል፤ ከአፍንጫዋ ጫፍ እስከ ጅራቷ መነሻ ይለካና 15 ሳንቲ ሜትር ተጨምሮ ውጤቱ በራሱ ይባዛል። ከፍታው ከራሷ በላይ 15 ሳንቲ ሜትር ነው። ዞር ለማለት ይበቃል እንጂ ለመሮጥ አይበቃም። ስንት ጊዜ ትውለድ ለሚለው የፌዴራሉ ሕግ ወሰን አላስቀመጠም። የቡችላ ማራቢያ በብዛት በሚገኝባት ሚዙሪ ሕዝቡ በ2010 ድምፅ ሰጥቶ አንድ አርቢ ከ50 በላይ የማራቢያ ውሾች እንዳይኖሩት ወስኖ ነበር፤ የግዛቲቱ ምክር ቤት በማግስቱ ዓመት ያንን ወሰን ከሕጉ አወጣው። በአንጻሩ ሲልቨር ስፕሪንግ ያሉ ወገኖቻችን የሚኖሩባት ሜሪላንድ ሱቆች ቡችላ እንዳይሸጡ ያወጣችው ሕግ ከ2020 ጀምሮ ይሠራል። ካሊፎርኒያ ቀድማ፣ ኒውዮርክም በ2024 መጨረሻ ተከትላ ሱቆቿን ከዚህ ንግድ አስወጥታለች።

በቨርጂኒያ፣ ከምበርላንድ በምትባል ወረዳ የሆነውን ደግሞ ማወቅ አለብን። እዚያ የነበረው ማራቢያ ለቤተ ሙከራ የሚሸጡ ቢግል የሚባሉ ውሾችን ያራባ ነበር፤ የኤንቪጎ ድርጅት ነው። የአሜሪካ ግብርና መሥሪያ ቤት ተቆጣጣሪዎች በ2021 ሲገቡ 13 የሚያጠቡ እናቶች ለ42 ሰዓት ያህል ምግብ ተከልክለው ነበር፤ ሥራቸው 78 ቡችሎች አሉ። ሁለት ቀን ለሚጠጋ ጊዜ እናት ጦሟን ውላ ስታጠባ ልጅም አብሮ ይራባል። በ2022 የፍትሕ መሥሪያ ቤቱ ከሶ 4,000 ገደማ ውሾች ከዚያ ወጥተው ወደ ቤተሰቦች ተበተኑ፤ በ2024 ድርጅቱ ጥፋተኝነቱን አምኖ ከ35 ሚሊዮን ዶላር በላይ ሊከፍል ተስማማ። እስከዚያ ጊዜ ድረስ በዚያ አገር የእንስሳት ደኅንነት ሕግ ታሪክ ትልቁ ቅጣት ይኸው ነበር። ድርጅቱ ፈቃድ ነበረው።

ከማራቢያ የወጡ እናቶች አእምሯቸው ምን ይሆናል? ይህንን የመረመረ ጥናት በ2011 ታትሟል፤ ከቡችላ ማራቢያ ወጥተው በሰው ቤት የሚኖሩ 1,169 ውሾች ተጠንተዋል። ከሌሎች የቤት ውሾች ጋር ሲነጻጸሩ ፍርሃታቸው እጅግ የበረታ ነበር፤ የማያውቁትን ሰው ይፈራሉ፣ ደረጃ መውጣት ይፈራሉ፣ ሲነኳቸው ይሸማቀቃሉ። አንዳንዶቹ ምንም በሌለበት ግድግዳ ላይ አፍጥጠው ይውላሉ። ቤት ውስጥ መጸዳዳት የሚቸገሩት ብዙ ናቸው፤ በተኙበት መጸዳዳትን የተማሩ ናቸውና። አንድ ነገር ግን ልቤን ነካኝ። እነዚህ ውሾች የማያውቁትን ሰው የሚቆጡት ከሌሎቹ ባነሰ ሁኔታ ነው። ሰውን ከመንከስ ይልቅ ይፈሩታል።

አዲስ አበባ ውስጥ ንግዱ መልኩ ሌላ ነው። ባለ መቶ ውሻ በረት አይደለም ያለን፤ አንድና ሁለት ሴት ውሻ በግቢው የያዘ ወጣት ነው። መኪና በሚጨናነቅበት መንገድ ዳር ቡችላ ታቅፎ በመስኮት የሚያሳየውን፣ በቴሌግራም ፎቶ የሚለጥፈውን ሁላችንም እናውቃለን። ጀርመን ሸፐርድ፣ ሮትዌይለር፣ ቤልጅየም ማሊኖስ፤ ካልሆነ ክልስ። የአክስቴ ልጅ ለግቢው ጠባቂ ሊገዛ ወደ እንዲህ ያለ ሻጭ ቤት ሲሄድ አብሬው ሄድኩ። ወጣቱ ትሑት ነው። ቡችሎቹን በካርቶን አውጥቶ አሳየን፤ ከዚያ አባታቸውን በሰንሰለት ይዞ መጣ።

«ጋሼ፣ አባቱን ይዩት! ይሄ ነው እንግዲህ የሚወጣልዎት።»

«እናታቸውስ?» አልኩት።

«እናቲቱ ከጓሮ ናት እህቴ፤ ሲወልዱ ክፉ ናቸው፣ ትናከሳለች።»

ከብዙ ልመና በኋላ ወሰደን። በሁለት ቆርቆሮ የተከለለች ጠባብ ቦታ ላይ ታስራለች። ሊጮህብኝ የመጣ ፍጡር አላየሁም። ተነስታ ሰንሰለቷ እስከፈቀደላት መጣች፤ የጎድን አጥንቷ ይቆጠራል፣ ጡቶቿ ተንጠልጥለው አንዱ ቀልቶ አብጧል፣ ከጆሮዋ ጀርባ ዝንብ የሰፈረበት ቁስል አለ። ቡችሎቹ ከእሷ የተለዩት በአምስተኛ ሳምንታቸው ነው። ምን እንደምትበላ ስጠይቀው በኩራት ነገረኝ፤ ሳንባ ከሥጋ ቤት ያመጣል፣ በሩዝ ይቀቅልላታል። ውድ ነው፣ ከራሱ ጉሮሮ ነው የሚቀንሰው። ሳንባና ሩዝ ግን ካልሲየም የላቸውም ማለት ይቻላል፤ ለምታጠባ ውሻ ያ ምግብ ሆድ ይሞላል እንጂ ወተቷ የወሰደውን አጥንት አይመልስም። ይህን የነገረው የለም። ስንት ጊዜ እንደወለደች ጠየቅኩት። አሰበና «ወንድ በፈለገች ቁጥር ነው» አለኝ።

ከዚያ ለአክስቴ ልጅ አንድ ሐሳብ አቀረበለት። «ሴቷን ቡችላ ቢወስዱ በቅናሽ እሰጥዎታለሁ ጋሼ። በዓመት ሁለቴ ትወልድልዎታለች፤ ዋጋዋን መልሳ ትርፍ ታመጣለች።»

ይህ ወጣት ክፉ ሰው ነው ብዬ አልጽፍም። ሥራ የለውም፤ ውሻ ነው ያለው። ውሻዋን የሚጎዳትን ነገር የሚነግረው፣ «ይህቺን ዓመት አሳርፋት» የሚለው፣ ቡችላውን ከስምንት ሳምንት በፊት አልወስድም ብሎ የሚመለስ ገዢ ገጥሞት አያውቅም። እኛ ገዢዎቹ የምንጠይቀው ስለ አባትየው ነው፤ ቁመቱን፣ ጩኸቱን፣ ዘሩ ንጹሕ መሆኑን። ያን ያህል ብር የሚያወጣ ሰው ስለ ቡችላው እናት የሚጠይቀው አንድ ጥያቄ አጥቶ ነው?

ለሐበሻ ውሻዋማ ነገሩ ከዚህም ይብሳል። የምትጠላው ሴት ስለሆነች ነው። ወንድ በምትፈልግበት ሰሞን የሰፈሩ ውሻ ሁሉ በር ላይ ይሰበሰባል፣ ይጮኻል፣ ይናከሳል፤ ባለቤቱ ይማረራል። ስትወልድ ወንዶቹ ሰው ያገኛሉ፤ ሴቶቹ በማዳበሪያ ከረጢት ተጠቅልለው ወንዝ ዳር ወይም ቆሻሻ መጣያ አጠገብ ይጣላሉ። ካደጉት ጥቂቶቹ በስድስት ወራቸው ራሳቸው ያረግዛሉ። ለዚህ መድኃኒቱ የታወቀና አሮጌ ነው፤ ማምከን። የእንስሳት ሐኪም በአንድ ኦፕራሲዮን ይጨርሰዋል። በየክፍለ ከተማው ይህ በርካሽ ቢሰጥ ኖሮ ውሻ ለማጥፋት መርዝ ከመበተን ይልቅ ለሰውም ለውሻም ይበጅ ነበር፤ የእብድ ውሻ በሽታ ክትባትም አብሮ ይሰጣል።

ውሻ ለመግዛት ለምታስቡ ሰዎች፣ አዲስ አበባም ሁኑ ለንደን ወይም ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ቡችላውን ከማንሳታችሁ በፊት እናቲቱን እዩ። ቡችሎቹ ባሉበት እዩአት፤ ወደ እሷ ሲሮጡ፣ እሷም ስታሸታቸው። ጡቷ ላይ ወተት ይኑር። ዓይኗ፣ ጆሮዋና ጥርሷ ንጹሕ መሆኑን፣ ስትነኳት እንዴት እንደምትሆን ተመልከቱ። «ትናከሳለች» ከተባላችሁ ከርቀትም ቢሆን አሳዩኝ በሉ። ዕድሜዋንና ስንተኛ ወሊዷ እንደሆነ ጠይቁ። ሻጩ የክትባት ካርዷን ማምጣት ካልቻለ፣ የትኛው ሐኪም እንዳያት ካላወቀ፣ ያለፈው ወሊዷ ዓመት ካልሞላው፣ ወይም ቡችላው ስምንት ሳምንት ሳይሞላው ውሰዱ ካለ፣ ብራችሁን ይዛችሁ ተመለሱ፤ ለምን እንደተመለሳችሁም ንገሩት።